ጎርጎራ ዳር ቁጭ ብሎ የውሃ ወፎችን አበላል ማጥናት

ጎንደር ተቀምጦ ስለ ባሕር ዳርቻ ወፎች መጻፍ ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለዋል። ከአዘዞ ታጥፎ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የወረደ ሰው ግን ጎርጎራ ይደርሳል፤ ጎርጎራ ላይ ደግሞ ጣና አለ። የደምቢያ ገበሬ ጣናን «ባሕር» ነው የሚለው፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአውሮፓና ከእስያ ረጅም መንገድ በርረው የመጡ ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች በዚህ ባሕር ጭቃ ላይ ይርመሰመሳሉ። አገሬው በጅምላ «የውሃ ወፍ» ይላቸዋል። አስጎብኚዎች በፈረንጅኛው ሳንድፓይፐር፣ ፕሎቨር፣ ስቲልት እያሉ ይለያዩዋቸዋል።

ወፍ ሊያይ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የስም ዝርዝር ይዞ ነው የሚመለሰው። ሃያ ዓይነት አየሁ፣ ሠላሳ ዓይነት አየሁ። እኔም ሁለት ዓመት እንዲያ ነበርኩ። አንድ ቀን የወፍ ሥዕል ያለበትን መጽሐፌን ቤት ረስቼ ሄድኩና፣ ስሟን ላረጋግጥ ያልቻልኳትን አንዲት ወፍ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይ ዋልኩ። የት እንደምትረግጥ፣ ስንት ጊዜ ጭቃውን እንደምትነካ፣ ስንቱን እንደምትውጥ አየሁ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ያወቅሁት በሁለቱ ዓመት ካወቅሁት ይበልጥ ነበር። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው የወፍ አበላልን እንዴት ማየት፣ መቁጠርና መመዝገብ እንደሚቻል ነው። ስሙ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አንደኛ፦ ጊዜውን መምረጥ

የውቅያኖስ ዳርቻ መመሪያዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ማዕበል ሰዓት ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ጭቃው ይገለጣል፣ ወፎቹ ሊበሉ ይወርዳሉ፤ ውሃው ሲመለስ እነሱም ይነሳሉ። ሌሊትም ቢሆን ውሃው ከሸሸ ይበላሉ። ያን ምክር ለጣና ብትወስዱት ትከስራላችሁ፣ ምክንያቱም ጣና እንዲህ ያለ ዕለታዊ መውጣትና መውረድ የለውም። የጣና ሽሽት በዓመት አንዴ ነው። ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሞልቶ ይገኛል፤ ከዚያ እስከ ሚቀጥለው ዝናብ ድረስ በዝግታ ይወርዳል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ የደምቢያ ዳርቻ ግን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሜዳ ስለሆነ ውሃው አንድ ስንዝር ሲወርድ ሰፊ እርጥብ መሬት ይገለጣል። ገበሬው ይህን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ እርጥበቱ ሳያልቅ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ወፎቹም የሚከተሉት ይህንኑ ሽሽት ነው። የውሃው ከፍታ ግን የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ አለ፣ መዝጊያዎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ እኛ ዘንድ ያለው ዳርቻም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ከዚህ ተነስታችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ምረጡ። መስከረም ላይ ወፎቹ መጥተዋል፣ ግን ውሃው ሣሩ ድረስ ስለሚሞላ ተበታትነው ነው የምታገኟቸው። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል፤ ለመመለስ ስብ የሚያጠራቅሙበት ጊዜ ስለሆነ ሲበሉ ቀና አይሉም። ያን ወቅት በተለይ አትረብሿቸው። አንዲት ትንሽ ወፍ በድንጋጤ በተነሳች ቁጥር ያጠራቀመችውን ታቃጥላለች።

ከቀኑ ሰዓት ማለዳው ይሻላል። ፀሐይ ስትወጣ ጀምራችሁ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ታንኳ ቀዛፊዎችም ረጅም መንገዳቸውን በጠዋት የሚጨርሱት ለዚህ ነው። በጠዋት ሚኒባስ ከጎንደር ከተነሳችሁ ደግሞ ምርጡን ሰዓት መንገድ ላይ ነው የምትጨርሱት። ዋዜማውን ገብታችሁ ጎርጎራ እደሩ። የመንገዱን ሁኔታም አንድ ቀን ቀድማችሁ ከመናኸሪያ ጠይቁ።

ጉዞው ለማይመቸው እዚሁ ከተማው ውስጥ አንገረብ ግድብ አለ። ደለል እየሞላበት ዳር ዳሩ ጥልቀት አጥቷል፤ ለውሃ አቅርቦቱ መጥፎ ዜና ነው፣ ለጭቃ ወፍ ግን ድግስ ነው። ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ ግቡ። ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛ፦ የት ልቀመጥ?

ይህን ማንም ስላልነገረኝ አንድ ሙሉ ጠዋት አበላሽቻለሁ። ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ናት፤ ወደ ውሃው ስትመለከቱ ወደ ደቡብ እያያችሁ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ውሃውን ፊት ለፊት ብትቀመጡ የምታዩት የሚያብለጨልጭ ውሃና ጥቁር የወፍ ጥላ ነው። ምንቃሩ ምን እንደያዘ አይለይም። መፍትሔው ወደ ውሃው ሳይሆን በዳርቻው ርዝመት ማየት ነው፤ ጠዋት ፀሐይዋን ከጀርባ አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ምሥራቅ።

ዓሣ የሚራገፍበትን ቦታ ተዉት። እዚያ የሚሰበሰቡት ፍርፋሪና አንጀት ፈላጊዎቹ፣ ትልልቆቹ ናቸው። የምትፈልጉት ጭር ያለ፣ ደንገልና ፊላ ያልበዛበት፣ ከብት ውሃ ሊጠጣ የሚወርድበት ዓይነት ክፍት ጭቃ ነው። የከብት ኮቴ የሠራው ጉድጓድ ትንሽ ውሃ ይይዛል፤ ውስጡ ትል ይቀራል፤ ወፏ ከኮቴ ወደ ኮቴ እየዘለለች ስትለቅም ታያላችሁ።

እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻም አለ። ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የደምቢያ በኩል ነው። ጭቃውን ሲሸፍነው ምንቃሩን ወደ ታች የሚሰድ ወፍ ቦታ ያጣል። በአንጻሩ ጃካና የሚባለው፣ ጣቶቹ እንደ ሸረሪት እግር የረዘሙት ቡናማ ወፍ፣ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ እየሄደ ቅጠሉን እየገለበጠ ይበላል። አንዱን ያስራበ ሌላውን ያጠገበበትን ቦታ ጎን ለጎን ማየት ከፈለጋችሁ የእምቦጩን ጠርዝ ምረጡ።

ሦስተኛ፦ ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። 8×42 የሚባለው ባይኖኩላር ይበቃል፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊተኛው መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማለዳ በደብዛዛ ብርሃንም ያሳያል። ከዚያ በላይ የሚያቀርብ በእጅ ሲይዙት ይንቀጠቀጣል። ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ እርሳስ (እስክሪብቶ ጤዛ ላይ አይጽፍም)፣ ደብተር፣ የምትቀመጡበት ጆንያ፣ የሻይ ማጥለያና እጀታው የረዘመ ጭልፋ ያዙ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለምን እንደሆኑ ወደ ኋላ ይመጣል። ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ ቤት ይቅር፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ጭቃው ሁሉ ባዶ ይሆናል። በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬም አለ፤ ማለዳና ማታ ደንገሉ ውስጥ ከመግባት በፊት ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቁ።

አራተኛ፦ አቀራረብ

ቀጥ ብሎ ወደ ወፍ መሄድ አይሆንም። ጠመዝማዛ እየሠራችሁ፣ አልፋችሁ የምትሄዱ መስላችሁ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ቁሙ። ወፏ አንገቷን ካቀናች እዚያው ቁሙ። አንገቷን አቅንታ ሰውነቷን ከፍ ዝቅ ማድረግ ከጀመረች አንድ እርምጃ ቀርቷታልና ወደ ኋላ በሉ። ተመልሳ መብላት ስትጀምር ያ ርቀት የእናንተ ርቀት ነው፤ ጆንያችሁን አንጥፉ። ከተቀመጣችሁ በኋላ ሩብ ሰዓት ምንም አትቁጠሩ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የምትመዘግቡት የፍርሃቷን እንጂ የአበላሏን አይደለም።

ሰውም አለ። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ባይኖኩላርና ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን እየነዱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ መሬት ልትለካ ነው?»

«አይደለም አባቴ፣ ወፍ እየቆጠርኩ ነው።»

ደብተሩን አዩት፣ ወፎቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «ወፍም ሊገብር ነው?»

ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው። ብዙ አዩበት፤ ከዚያ የትኛው ጭቃ ላይ ትል እንደሚበዛ፣ ለመንጠቆ ከየት እንደሚቆፈር እሳቸው ነገሩኝ። ስትደርሱ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ማሳየት፣ ከዚያ መቀመጥ።

አምስተኛ፦ አንድ ወፍ፣ አንድ ደቂቃ

ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ከመንጋው አንዲቱን ምረጡ። ስትመርጡ ዓይናችሁ በብዛት ወደምትንቀሳቀሰው ይሄዳል፤ ይህ ውጤቱን ያዛባል፣ ምክንያቱም ተግታ የምትበላዋን ብቻ ታጠናላችሁ። እኔ ከግራ ተነስቼ አምስተኛዋን እይዛለሁ። ዝም ብላ ብትቆምም እሷው ናት።

ለአንድ ደቂቃ ዓይናችሁን ከእሷ አትንቀሉ። መጻፍ አይቻልም፤ ቀና ስትሉ ትጠፋለች። ስልኩን ድምፅ ላይ አድርጋችሁ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ተናገሩ፦ «ረገጠች፣ ረገጠች፣ ለቀመች፣ ረገጠች፣ ለቀመች፣ ዋጠች፣ ቀና አለች...»። ማታ ቤት ገብታችሁ ትቆጥሩታላችሁ። የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ሲመጣ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዓይን ከእኔ ዓይን ይፈጥናል።

ለአበላሉ ስም ያስፈልጋችኋል። የእርሻ ቃላችን በደንብ ይሠራል፦

ለቀማ የምለው ምንቃሩን ሳትሰድ ከላይ ከላይ የምታነሳውን ነው። ጎርጎራ ድንጋዮቹ ላይ ጭራዋን ሳታቋርጥ የምታነቃንቀው ትንሿ ሳንድፓይፐር እንዲህ ናት፤ በዓይኗ ነው የምትሠራው።

ስርሰራ ደግሞ ምንቃሩን ጭቃ ውስጥ መስደድ ነው። እዚህ ዓይን ብዙ አይሠራም። የነዚህ ወፎች ምንቃር ጫፍ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፣ ውስጣቸው ግፊትና ንዝረት የሚሰማ ነርቭ አለ፤ ትሉን ሳያዩት ያገኙታል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ምንቃራቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እያለ ጫፉን ብቻ ለይተው መክፈት ይችላሉ።

ሮጦ መቆም የፕሎቨሮቹ ነው። ምንቃራቸው አጭር፣ ዓይናቸው ትልቅ ነው። ጥቂት እርምጃ ይሮጣሉ፣ ድንጋይ መስለው ይቆማሉ፣ ከዚያ ወይ ይለቅማሉ ወይ ደግመው ይሮጣሉ። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ጥብጣብ ያለውን፣ ዓይኑን ቀይ ቀለበት የከበበውን ትንሹን ፕሎቨር ካገኛችሁ እግሩን እዩ። ቆሞ አንድ እግሩን ጭቃው ላይ ያንቀጠቅጣል፤ ከሥር የተደበቀው ሲንቀሳቀስ ያየዋል። ይህን «ማስበርገግ» ብዬ እመዘግባለሁ።

ማሳደድ፣ ምንቃሩ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለው ግሪንሻንክ የሚያደርገው ነው፤ ትንንሽ ዓሣ ተከትሎ በጥልቀት የለሽ ውሃ ውስጥ ይሮጣል። አጨዳ ደግሞ ምንቃርን ውሃ ውስጥ ከፍቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጥረግ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አቮሴት በዚህ ትታወቃለች፤ ጎርጎራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምታዩት ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሆነውን ትልቅ ነጭ ወፍ ነው። እሱ ከጭቃ ወፎቹ ወገን አይደለም፣ ግን አጨዳን ለመለየት ጥሩ መምህር ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ዋጠች» ማለት ነው። ምልክቱ ጭንቅላት ትንሽ ወደ ኋላ ሲል ጉሮሮ አንዴ መንቀጥቀጡ ነው። ምንቃሯ እንደ ጆንያ መርፌ የረዘመውን ጎድዊት አንድ ጠዋት ከቅርብ አየኋት። ምንቃሯን እስከ ግንባሯ ሰደደች፣ ላባዋ ጭቃ ነካ። ያዘች። ጎተተች፤ ትሉ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። መጎተቱን ቀጥላ ብትሆን ይበጠስ ነበር። ላላ አደረገችለት፣ ጠበቀች፣ እንደገና ቀስ ብላ ሳበች። ወጣ። ጭቃ እንደለበሰ አልዋጠችውም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ውሃው ሄዳ ነከር ነከር አደረገችውና ከዚያ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እስትንፋሴን ይዤ ስለነበር ቀረጻው ላይ ምንም ቃል የለም።

ትንንሾቹ ወፎች የሚውጡት ግን ከዓይን የሚያመልጥ ነው። ያላያችሁትን «ዋጠች» አትበሉ። የገመታችሁትን ካስገባችሁ ደብተሩ የእናንተ ምኞት መዝገብ ይሆናል።

አንድ ገጽ ለምሳሌ እንዲህ ይመስላል፦ «ኅዳር 20፣ ጠዋት 1:15። እርጥብ ጭቃ፣ ነፋስ የለም። ትንሽ ወፍ፣ ምንቃር አጭር። እርምጃ 58፣ ለቀማ 31፣ የታየ መዋጥ 4፣ ቀና ማለት 2። በመንጋ፣ 12 አካባቢ።» ከአንድ ወፍ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሌላ። አሥር ደቂቃ ከአሥር ወፍ የተሻለ ነው፣ አሥር ደቂቃ ከአንድ ወፍ ስለዚያች ወፍ ብቻ ይናገራል።

ስድስተኛ፦ ዳርቻውን በቁርጥ መሳል

ደብተሩ ላይ አንድ ተዳፋት መስመር ሳሉ፤ ከግራ ደረቅ መሬት፣ ከቀኝ ውሃ። እያንዳንዷን ወፍ በቆመችበት ቦታ ላይ በነጥብ አስቀምጡ፣ ውሃው እግሯን እስከ የት እንደሸፈነውም ጻፉ፦ ጥፍር፣ ጉልበት፣ ሆድ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሥርዓቱ ራሱ ብቅ ይላል። አጭር ምንቃሮቹ ፕሎቨሮች ደረቁና እርጥቡ የሚገናኙበት ላይ፣ ትንንሾቹ ሳንድፓይፐሮች በሚያብለጨልጨው ጭቃ ላይ፣ ጎድዊት ውሃ ውስጥ ጥቂት ገብታ፣ በጣም ረጅም ሮዝ እግር ያለው ስቲልት ከሁሉም ጠልቆ። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው እጃቸው የማይጋጨው የእግርና የምንቃር ርዝመት ስላከፋፈላቸው ነው። ስቲልት ግን ያታልላል፤ ጠልቆ ቆሞ የሚበላው ከታች ሳይሆን ከውሃው ገጽ ላይ ነው።

ውሃው ጠርዝ ላይ ዱላ ትከሉ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ ከዱላው እስከ አዲሱ ጠርዝ በእርምጃ ለኩ፤ ወፎቹም ከጠርዙ ጋር መሄዳቸውን እዩ። (ዱላ ስትተክሉ ከላይ ያሉትን ሽማግሌ አስታውሱ።)

ሰባተኛ፦ ማዕዱን ማየት

ወፎቹ ራሳቸው ሲሄዱ፣ እናንተ ሳታስነሷቸው፣ ሲለቅሙበት የነበረውን ጭቃ በጭልፋው ቅዱና በሻይ ማጥለያው ውስጥ በጠርሙስ ውሃ እጠቡት። እጃችሁን አታግቡ። ቀይ ቀጫጭን ትል የሚመስሉ ነገሮች ካገኛችሁ የዝንብ ዘር እጮች ናቸው፤ ቅላታቸው እንደ እኛ ደም ኦክስጅን ከሚይዝ ሄሞግሎቢን ነው፣ አየር ባነሰው ጭቃ ውስጥ የሚኖሩትም በዚያ ነው። ቀንድ አውጣ፣ የውሃ ጥንዚዛ፣ ትልም ይወጣል። ወፍ ካልረገጠችው ቦታም አንድ ጭልፋ ውሰዱና አወዳድሩ። ማጥለያው ከዚያ በኋላ ለሻይ አይመለስም፤ እኔ መልሼው ቤት ውስጥ የሆነውን አልናገርም።

መሃል ላይ የሚያጋጥም

ሁሉም በአንዴ ብድግ ካሉ ሰማዩን እዩ። ብዙ ጊዜ ፊላው ላይ ዝቅ ብሎ የሚያንዣብብ ጭልፊት ነው። ሰዓቱን ያዙ፤ የመጀመሪያዋ ወፍ ተመልሳ እስክትለቅም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጥሩ መረጃ ነው። ነጠቃም አለ፤ አንዷ ትልቅ ነገር ይዛ ለመዋጥ ስትታገል ሌላዋ ወይም ሳቢሳው ይቀማታል። ቀሚዋም ተቀሚዋም ይመዝገቡ። ብቻዋን የምትበላዋ ከመንጋዋ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ቀና የምትል መሆኗንም በቁጥራችሁ ፈትሹት። ብዙ ዓይን ባለበት እያንዳንዷ ራሷን የምትጠብቅበት ጊዜ ያንሳል፣ ለመብላት የሚተርፋት ይጨምራል።

ወደ ጎንደር ከመመለሳችሁ በፊት ጫማችሁን ጎርጎራ እያላችሁ፣ እዚያው ደረቅ መሬት ላይ ጠርጉት። ጭቃው ውስጥ የእምቦጭ ፍሬ ሊኖር ይችላል፣ ፍሬው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። በሳምንቱ ያንኑ ጫማ አድርጋችሁ አንገረብ የምትወርዱ ከሆነ ጆንያውንም አራግፉት።